የክረምት ልምምድ የት ይሻላል? ለድሬዳዋና ለሐረር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የንጽጽር መመሪያ

ግንቦት ገብቶ የዓመቱ ትምህርት ሊጠናቀቅ ሲቃረብ፣ በድሬዳዋና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ወጣቶች ክረምቱን የት ሆነው ቢለማመዱ እንደሚሻል መጠያየቅ ይጀምራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ንግግሩ የሚያጠነጥነው በድርጅት ስም ላይ ነው፤ እገሌ ፋብሪካ ገባ፣ እገሊትን ባንክ ተቀበላት ይባላል። ስሙ የገነነ ድርጅት ማግኘት ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ክረምቱ አልፎ ተማሪው ምን እንደሠራ ሲጠየቅ፣ ድርጅቱን ተዘዋውሮ ከማየት ያለፈ የሚናገረው የሚያጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ አማራጮቹን የሚያነጻጽረው በሌላ መለኪያ ነው። አጠገብ ሆኖ ሥራውን የሚያሳይ ባለሙያ አለ ወይ? ተማሪው በገዛ እጁ ጀምሮ የሚጨርሰው ሥራ ይሰጠዋል ወይ? ያለው ጊዜስ ያንን ሥራ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ለማየት ይበቃል ወይ? የድርጅቱ ዝና ከእነዚህ በኋላ የሚታይ ጉዳይ ነው።

ከንጽጽሩ በፊት

በቅድሚያ ሁለቱን የልምምድ ዓይነቶች መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የተካተተው ነው፤ የምህንድስና ተማሪዎች ከግቢ ወጥተው ለወራት የሚቆዩበት፣ ሎግ ቡክ (የዕለት ሥራ መዝገብ) የሚሞሉበት፣ ከድርጅቱ ሱፐርቫይዘርና ከመምህራቸው ነጥብ የሚያገኙበት ልምምድ የዚህ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ተማሪው በራሱ ፍላጎት በሐምሌና በነሐሴ የሚሠራው ሲሆን፣ ነጥብ የማይያዝበት በመሆኑ ብዙዎች አቅልለው ያዩታል። በእኔ እምነት ግን ይህ ሁለተኛው የበለጠ ነጻነት የሚሰጥ ነው፤ ምክንያቱም ተማሪው የትምህርት ክፍሉን መስፈርት ለማሟላት ሳይሆን የጎደለውን ነገር ለመሙላት ይመርጠዋል። በክፍል ውስጥ ንድፈ ሐሳቡን የሚያውቅ ነገር ግን መሣሪያ ነክቶ የማያውቅ ተማሪ፣ ነጥብ የማያስጨንቀውን ክረምት ለዚሁ ቢያውለው ይጠቀማል።

የትምህርት ዓመትም ምርጫውን ይለውጠዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ስለሚወስዱ፣ ከመመረቂያ ዓመት በፊት ያለው ክረምት ለንባብም ይፈለጋል። በዚህ ክረምት ላይ ያለ ተማሪ ከትምህርቱ ርቆ ከሚያውለው ሥራ ይልቅ፣ በፈተናው ከሚመጡት ዋና ዋና ኮርሶች ቢያንስ አንዱን በተግባር የሚያሳየውን ቦታ ቢመርጥ ሁለቱንም ያተርፋል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ግን ይህ ጭንቀት ስለሌለበት፣ የሙያው ዓለም ምን እንደሚመስል ለማየት ብቻ እንኳ ቢወጣ ያምርበታል።

ትልቁ ፋብሪካ ወይስ ትንሹ ወርክሾፕ?

ድሬዳዋ ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች የሥራ ከተማ ናት። በአገራችን ሲሚንቶ ማምረት የተጀመረው እዚሁ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ዛሬም የሲሚንቶ ምርቱ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር፣ እንዲሁም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ነጻ የንግድ ቀጣና በዚህችው ከተማ ይገኛሉ። የምህንድስና ተማሪ ዓይኑ መጀመሪያ ወደነዚህ ቢሄድ አይፈረድበትም።

ትልቅ ፋብሪካ ትንሽ ቦታ የሌለውን ሁለት ነገር ይሰጣል። አንደኛው ሙሉ የምርት ሂደትን በአንድ አጥር ውስጥ ማሳየቱ ነው። በሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ የኖራ ድንጋዩ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ፣ በሚሽከረከረው ምድጃ ውስጥ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ግሎ ክሊንከር የሚባለው ጠጣር እንክብል ሲሆን፣ ከዚያም ቀዝቅዞ ከጂፕሰም ጋር እንደገና ሲፈጭ ያየ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ፣ በመጽሐፍ ለየብቻ የተማራቸው የሙቀት፣ የፍጭትና የቁጥጥር ትምህርቶች ምን እንደሚያገናኛቸው ይገባዋል። ሁለተኛው ሥራው በጽሑፍ በሰፈረ መመሪያ የሚመራ መሆኑ ነው፤ የጥገና መርሐ ግብር፣ የፈረቃ መዝገብ፣ የጥራት ፍተሻ ቅጽ አለ፤ ሪፖርት ለሚጽፍ ተማሪ ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

የትልቁ ፋብሪካ ችግር ተማሪው በየክፍሉ ሁለትና ሦስት ቀን እየዞረ ሁሉንም አይቶ አንዱንም ሳይሠራ የሚወጣ መሆኑ ነው። ማሽኑ ውድ፣ ሥራውም አደገኛ ስለሆነ ተለማማጁ እንዲነካ አይፈቀድለትም፤ ይህ ደግሞ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ ወደ ትልቅ ድርጅት የሚገባ ተማሪ ሁሉን ለማየት ከመጓጓት ይልቅ፣ ከአጠቃላይ ጉብኝቱ በኋላ አንድ ክፍል ጠይቆ እዚያው ቢቆይ ይሻለዋል። ለምሳሌ የሲሚንቶ ጥራት ላቦራቶሪን እንውሰድ። ናሙናው ከአሸዋና ከውሃ ጋር ተለውሶ 40 በ40 በ160 ሚሊሜትር በሆነ የብረት ቅርጽ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ በማግስቱ ከቅርጹ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያም በ2ኛው፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ ማሽን እየተሰበረ ጥንካሬው ይመዘገባል። ለሦስት ሳምንት ብቻ የመጣ ተማሪ የራሱን ናሙና የ28ኛ ቀን ውጤት ሳያይ ይሄዳል። ስምንት ሳምንት የቆየው ግን ራሱ ለውሶ፣ ራሱ ቀን ጽፎበት፣ ራሱ አውጥቶ ሲሰበር ቁጥሩን ይመዘግባል፤ የ7ኛው ቀን ቁጥር ስለ 28ኛው ምን እንደሚጠቁም ሲጠየቅም ከገዛ መዝገቡ ላይ አንብቦ ይመልሳል። ጊዜ ከመለኪያዎቹ አንዱ የሆነው ለዚህ ነው፤ የሥራው ዑደት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ሳይጠይቁ የልምምድ ጊዜን መወሰን አይገባም።

ትንሹ ወርክሾፕ በዚህ ረገድ ተቃራኒ ነው። ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን)፣ ብየዳና ግራይንደር ባለበት አንድ የብረታ ብረት ቤት ውስጥ የሚገባ የመካኒካል ተማሪ፣ የምርት መሥመር አያይም፤ የተጻፈ የሥራ መመሪያም አያገኝም። ነገር ግን ጠዋት አንድ ገበሬ የተሰበረ የውሃ ፓምፕ ዘንግ ይዞ ሲመጣ፣ ተማሪው ካሊፐር ይዞ ይለካል፣ ንድፉን ይስላል፣ ባለሙያው በቶርኖው ሲያወጣው ቁሞ ያያል፣ ቀስ እያለም ራሱ ይሞክራል፤ ዘንጉ ተገጥሞ ፓምፑ ሲነሳ ወይም አልነሳ ሲል ደግሞ ልኬቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ያኔውኑ ያውቃል። በግማሽ ሚሊሜትር ስህተት አንድ ቀን ሙሉ ሥራ ሲበላሽ ማየት፣ ቶለራንስ ስለሚባለው፣ በልኬት ላይ ስለሚፈቀደው የልዩነት መጠን፣ ከብዙ ገጽ ንባብ በላይ ያስተምራል።

ይሁን እንጂ ወርክሾፑ ሳይታሰብበት የሚመረጥ ቦታ አይደለም። የመከላከያ መነጽር፣ ጓንትና የደህንነት ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይገኝ ተማሪው የራሱን ይዞ መሄድ አለበት፤ መነጽር ሳያደርጉ ብየዳና ግራይንደር አጠገብ መቆም ለአንድ ቀን እንኳ የሚፈቀድ ነገር አይደለም። ለሴት ተማሪዎች ደግሞ የልብስ መቀየሪያና የመጸዳጃ ቦታ መኖሩን፣ ሥራው በስንት ሰዓት እንደሚያልቅና የመመለሻ ትራንስፖርት እንደሚገኝ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከሁሉም በላይ ባለቤቱ ማስተማር የሚወድ ሰው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ለማወቅ እዚያ ቀደም ሲል የሠሩ ልጆች ዛሬ ምን ላይ እንደደረሱ መጠየቅ በቂ ነው።

ፍርዴን በግልጽ ላስቀምጥ። የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ በራሱ ፈቃድ ለሚወጣበት ክረምት ትንሹን ወርክሾፕ ቢመርጥ እመክራለሁ። ነጥብ ለሚያዝበት ረጅም ልምምድ ግን፣ የተጻፈ ሥርዓት፣ ተጠያቂ ሱፐርቫይዘርና ለሪፖርት የሚሆን መረጃ ያለበት ትልቁ ድርጅት ይመረጣል። አስቀድሞ እጁን ያፍታታ ተማሪ ትልቁ ፋብሪካ ሲገባ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

የሲቪልና የውሃ ምህንድስና ተማሪዎች ሁኔታ ትንሽ ይለያል። እነርሱ ክረምቱን ራሱን ይፈልጉታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ላይ ያደረሰው እልቂት የቅርብ ትዝታ ነው። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ ከተራራው በሚወርድ ዝናብ በሰዓታት ውስጥ እንዴት እንደሚለወጥ፣ የጎርፍ መከላከያ ግንቡና የፍሳሽ ቦዩ ጫናውን እንዴት እንደሚሸከሙ የሚታየው በሐምሌና በነሐሴ ነው። የከተማ መሠረተ ልማት ወይም የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚለማመድ ተማሪ በበጋ የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል፤ ስለዚህ ለዚህ መስክ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱን ከግል ተቋራጩ አስቀድማለሁ።

ለሂሳብ፣ ለማኔጅመንትና ለሎጂስቲክስ ተማሪዎች

በዚህ ዘርፍ ያሉ ተማሪዎች አብዛኞቹ ባንክ ይመርጣሉ። ባንክ የተስተካከለ የሥራ ሥነ ሥርዓት፣ የደንበኛ አያያዝና የሰዓት አክባሪነት የሚታይበት ቦታ ነው። ነገር ግን የደንበኞች ሂሳብ በሚስጥር የሚጠበቅ በመሆኑ ተለማማጅ ወደ ባንኩ ሥርዓት የሚገባበት የይለፍ ቃል አይሰጠውም፤ ሊሰጠውም አይገባም። በውጤቱ ተማሪው ቅጽ በማስሞላትና ሰነድ በማደራጀት ይወሰናል። ደንበኛን ማስተናገድ ለሚፈልግ ሰው ይህ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ሂሳብ መሥራት ለሚፈልግ ግን አይበቃም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የፋይናንስና የንብረት ክፍል ብዙ ጊዜ እንደ አሰልቺ ቦታ ይታያል። እኔ ግን በክረምት ወቅት ከሚገኙት የሂሳብ ትምህርት ቦታዎች ጥሩ ከሆኑት አንዱ አድርጌ አየዋለሁ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። ይህም ማለት ተማሪው የሚገባው ሂሳብ በሚዘጋበት፣ ንብረት በሚቆጠርበትና አዲስ በጀት በሚከፈትበት ጊዜ ነው። በንብረት ክፍሉ ውስጥ ሞዴል 19 የሚባለው የገቢ ደረሰኝ ተቆርጦ የገባ ዕቃ፣ በወጪ ማዘዣው በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ፣ በመዝገቡ ላይ የቀረው ቁጥር መደርደሪያው ላይ ካለው ጋር ይስማማል ወይ የሚለው ጥያቄ፣ ኦዲት በሚባለው ኮርስ የተማረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያነቃቃዋል። ቁጥሩ ሳይስማማ ሲቀር ባለሙያዋ መዝገቡን ወደ ኋላ እየገለበጠች፣ ያልተመዘገበ ደረሰኝ ይሁን በስህተት ሁለቴ የተጻፈ ወጪ እስክትለይ አጠገቧ መቀመጥ ትልቅ ዕድል ነው። ታዲያ እዚህ ለመግባት የሚሻ ተማሪ ሰኔ ሳያልቅ መጀመር አለበት፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ የመጣ ዋናው ሥራ ያመልጠዋል።

ከዚህ ጋር የሚወዳደረው የግል የሂሳብ ባለሙያ ቢሮ ነው። የግብር ማስታወቂያ ጊዜ ከሐምሌ ስለሚጀምር ቢሮው በክረምት ሥራ ይበዛበታል፤ የነጋዴዎች ደረሰኝ በካርቶን እየተጫነ ይመጣል፤ ተለማማጁም ያንን በወር በወር እየለየ፣ 15 በመቶ የሆነውን ተጨማሪ እሴት ታክስ የግዥውንና የሽያጩን እየነጠለ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ይህ ሥራ አድካሚ ቢሆንም ተማሪው የአንድን ሱቅ ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ ያዘጋጃል። ጉዳቱ ባለሙያው ሥራ ስለሚበዛበት ለማስረዳት ጊዜ ማጣቱ ነው። እንግዲህ ጠያቂና ቆፍጣና የሆነ ተማሪ የግሉን ቢሮ፣ በዝግታ ተመርቶ መማር የሚፈልግ ደግሞ የመንግሥቱን ይምረጥ።

ለሎጂስቲክስ ተማሪ ከድሬዳዋ የተሻለ ከተማ በምሥራቁ የለም። ጉምሩክ፣ ደረቅ ወደብ፣ ባቡርና ነጻ የንግድ ቀጣና በቅርብ ርቀት ይገኛሉ። ሁሉም ተማሪ ወደ እነዚሁ ትልልቅ ተቋማት ደብዳቤ ይዞ ሲሰለፍ፣ በከተማው የሚሠሩት ትራንዚተሮች (የነጋዴዎችን ዕቃ በጉምሩክ የሚያስፈጽሙ ባለሙያዎች) ቢሮ ግን ብዙም አይጠየቅም። አንድ ትራንዚተር ለአንድ ኮንቴይነር ዕቃ ዲክላራሲዮን የሚባለውን የጉምሩክ ማስታወቂያ ቅጽ ሲሞላ የዕቃውን መለያ ቁጥር፣ ዋጋ፣ ክብደትና የመጣበትን አገር ከሰነዱ ጋር ያመሳክራል፤ አንዱ ካልተስማማ ዕቃው ይቆያል፤ ዕቃው በቆየ ቁጥር ወጪ ይከተላል። ይህንን ሰነድ ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መውጫ ፈቃዱ የተከታተለ ተማሪ የአቅርቦት ሰንሰለት ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ድሬዳዋ ወይስ ሐረር?

ሁለቱ ከተሞች በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም ለተለማማጅ የሚሰጡት ነገር የተለያየ ነው። ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ፣ ንግድና ትራንስፖርት ላይ ያጋደለች ስትሆን፣ ሐረር የክልል ቢሮዎች፣ የጤና ተቋማት፣ የቅርስና የቱሪዝም ሥራ ጎልቶ የሚታይባት ናት።

የአርክቴክቸር፣ የታሪክና የቱሪዝም ተማሪ ሐረርን ሊዘነጋ አይገባም። በግንብ የተከበበችው አሮጌዋ ከተማ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈረች ወዲህ፣ በግንቡ ውስጥ የሚደረግ ግንባታና እድሳት ሁሉ ክርክር የሚያስነሳ ጉዳይ ሆኗል። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ ገብቶ የመደቦቹን ከፍታ፣ የግድግዳውን ውፍረትና የጣሪያውን ጣውላ ለክቶ ንድፍ የሠራ ተማሪ፣ በክልሉ የቅርስ ቢሮም ሆነ በሌላ ቦታ ሊያሳየው የሚችል ሥራ ይዞ ይወጣል። ቤቱ ሰው የሚኖርበት ስለሆነ ግን ባለቤቶቹን አስፈቅዶ፣ ጫማን አውልቆ፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት ጠይቆ መግባት ግዴታ ነው።

ስለ ሐረር ቡና መለማመድ የሚፈልጉ የግብርና ተማሪዎችም አሉ። የሐረር ቡና በፀሐይ የሚደርቅ በመሆኑ በዓለም ገበያ የታወቀ ቢሆንም፣ ለቀማውና ማድረቁ የሚከናወነው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ የካቲት ስለሆነ፣ በክረምት የመጣ ተማሪ ዋናውን ሥራ አያይም። በሐምሌና በነሐሴ የሚታየው የእርሻው እንክብካቤና የመጋዘን ማበጠር ነው። ለእነዚህ ተማሪዎች ክረምቱን በሰብል ምርምር ማሳ ማሳለፍ ይሻላል፤ የዝናብ ወቅት በመሆኑ መዝራት፣ ማረምና የበሽታ ክትትል ሁሉ በዚያን ጊዜ ይገኛል።

ቋንቋም ይታሰብበት። በድሬዳዋ የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ በሐረሪ ክልል ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው። ከዚህ ባሻገር ከሕዝብ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ሥራ በሁለቱም ከተሞች አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ይጠይቃል። ቋንቋውን የማይችል ተማሪ ይህንን እንደ እንቅፋት አይቁጠረው፤ ነገር ግን ከማመልከቱ በፊት ሥራው በወረቀት ላይ ነው ወይስ ከባለጉዳይ ጋር የሚለውን ይጠይቅ።

የመመላለሱ ነገር ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ከባድ ነው። ቤተሰቡ ድሬዳዋ ሆኖ ሐረር የሚለማመድ ተማሪ በየቀኑ በደንገጎ ዳገት ወጥቶ በዚያው መውረድ አለበት። ሚኒባስ እስኪሞላ የሚጠበቀው፣ የመንገዱ ጠመዝማዛነት፣ ከሞቃቱ ቆላ ወደ ቀዝቃዛው ደጋ የሚደረገው መመላለስ ተደምሮ ከሥራው በፊት ያደክማል፤ ወጪውም በሁለት ወር ውስጥ ቀላል አይሆንም። ዘመድ ቤት ማረፊያ ካልተገኘ በስተቀር፣ ጥሩ ባለሙያ ያለበትን የቅርብ ቦታ ከሩቁ ዝነኛ ቦታ አስቀድማለሁ። ድሬዳዋ የሚለማመዱ ደግሞ የሰኔን ሙቀት አስበው፣ በመስክ የሚሠራው ሥራ በማለዳ እንዲሆን ከሱፐርቫይዘራቸው ጋር ቢነጋገሩ ይጠቀማሉ።

የጤና ተማሪዎችን በተመለከተ የምጨምረው ጥቂት ነው። የእነርሱ ልምምድ በሥርዓተ ትምህርታቸው ተወስኖ በሕይወት ፋና፣ በጁገል፣ በድል ጮራና በመሳሰሉት ሆስፒታሎች ስለሚሰጥ ምርጫው በእጃቸው እምብዛም አይደለም። ክፍት ክረምት ያገኘ ተማሪ ግን ከሆስፒታል ይልቅ ጤና ጣቢያ ቢመርጥ፣ በሆስፒታል የማያያቸውን የክትባት፣ የእናቶች ክትትልና የቤት ለቤት ሥራዎች ያያል።

የኮምፒውተር ተማሪዎችና የኦንላይን ሥልጠና

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ቤቱ ሆኖ ሊማር የሚችል በመሆኑ ጥያቄው ቢሮ ወይስ ኦንላይን የሚል ይሆናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ንቅናቄ በድር ፕሮግራሚንግ፣ በአንድሮይድ፣ በዳታ ሳይንስና በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታውያን ላይ ነጻ ሥልጠና በማቅረቡ፣ ብዙዎች ሰርተፊኬት ይዘዋል። ሰርተፊኬቱ መልካም ነው። ሆኖም ብዙ ሰው የያዘውን ወረቀት መያዝ ተማሪውን ከሌላው አይለየውም፤ የሚለየው በተማረው የሠራው ነገር ነው። በመሥሪያ ቤት የአይሲቲ ክፍል መለማመድም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ፕሪንተር በማስተካከልና ኔትወርክ ገመድ በመዘርጋት ይወሰናል፤ ኔትወርክ ለሚወድ ጥሩ፣ ሶፍትዌር መሥራት ለሚፈልግ ግን ጠባብ ነው።

እኔ የምመክረው ሁለቱን ማጣመር ነው። ማታ ማታ ኮርሱን እየተከታተሉ፣ ቀን አንድ እውነተኛ ተጠቃሚ መፈለግ። በድሬዳዋ በከዚራ ወይም በሳቢያን ሰፈር ያለ አንድ ፋርማሲ የመድኃኒቶቹን ማብቂያ ቀን በደብተር እየጻፈ ይቸገራል፤ ማብቂያው ሲቃረብ የሚያስታውቅ ቀላል ፕሮግራም ሠርቶ፣ ባለቤቱ ለአንድ ወር ተጠቅሞበት፣ ቅሬታውን ሰምቶ ያስተካከለ ተማሪ፣ መብራት ሲጠፋ መረጃው ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ጭምር መመለስ ይማራል። ይህ ጥያቄ በኮርሱ ውስጥ አይገኝም።

ክፍያ የሌለው ልምምድ ወይስ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ?

ይህ ብዙ ተማሪዎች በልባቸው ይዘውት በይፋ የማያነሱት ጉዳይ ነው። አብዛኛው የክረምት ልምምድ ክፍያ የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ቢወስንም፣ ከለማጅ ሠራተኛ ውል በስተቀር ለትምህርትና ለሥልጠና የሚደረጉ ውሎችን ከወሰኑ ውጪ ያደርጋል። በዩኒቨርሲቲ የትብብር ደብዳቤ ብቻ የገባ ተማሪ እንደ ተቀጣሪ ደመወዝ መጠየቅ ይከብደዋል። በዚህ የተነሳ የምሳ፣ የትራንስፖርትና የደህንነት ልብስ ጉዳይ፣ እንዲሁም ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክም ከመጀመሪያው ቀን በፊት በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ለመጪው ዓመት የደብተርና የመጓጓዣ ወጪውን ራሱ መሸፈን ያለበት ተማሪ ልምምድ አምልጦኝ ቀረሁ ብሎ ማዘን የለበትም። በቀፊራ ገበያ የቤተሰብ ሱቅ የሚያግዝ የማርኬቲንግ ተማሪ፣ የትኛው ዕቃ በየትኛው ቀን እንደሚሸጥ፣ ዱቤ ስንት እንደሆነና ስንቱ እንደተመለሰ ለሁለት ወር በደብተር ቢመዘግብ፣ ከብዙ ቢሮዎች የተሻለ መረጃ በእጁ ይገባል። ልዩነቱ የሚመጣው ከመመዝገቡ ነው። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎትም እንዲሁ ለትምህርት፣ ለሶሻል ወርክና ለሕዝብ ጤና ተማሪዎች ከሙያቸው ጋር የሚገናኝ ሥራ አለው፤ ተማሪዎችን የማስጠናት ወይም የአቅመ ደካሞችን ቤት የማደስ ሥራን ከመጀመሪያው ያስተባበረ ወጣት ሰው ማደራጀትን በተግባር ይማራል። ለምህንድስና ተማሪ ግን በጎ ፈቃዱ ልምምዱን አይተካም፤ በሳምንት አንድ ቀን መድቦ ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል።

አጠያየቅና አወጣጥ

ቦታውን ከመረጡ በኋላ የትብብር ደብዳቤ ከትምህርት ክፍሉ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ መውሰድ ያስፈልጋል። ደብዳቤው የሰው ሀብት ክፍል ገብቶ ብቻውን ሲቀር ይዘገያል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ሊሠሩበት የፈለጉትን ክፍል ኃላፊ አነጋግሮ ፈቃደኝነቱን ማግኘት፣ ከዚያም ደብዳቤውን ማስገባት ይቀናል። በግንቦት ቢሄዱ ይመረጣል፤ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ኃላፊዎቹ በበጀት መዝጊያ ይወጠራሉ። ለኃላፊው የሚቀርበው ጥያቄም አጭርና ግልጽ ይሁን፦ ከማን ጋር እንደምሠራ፣ በሁለት ወር ውስጥ የሚያልቅ የትኛውን ሥራ ልይዝ እንደምችል፣ በሳምንት ስንት ቀን መገኘት እንዳለብኝ ቢነግሩኝ። ለእነዚህ መልስ መስጠት የከበደው ቦታ ስሙ ምንም ቢሆን ሁለተኛ ምርጫ ይሁን።

ከገቡ በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት ለማየትና ለመተዋወቅ መስጠት ተገቢ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሥራ ካልተሰጠ ዝም ብሎ መቀመጥ አይገባም። «ምን ልሥራ?» ከማለት ይልቅ «ይህን መዝገብ ላስተካክለው?» ወይም «ይህን ናሙና ልከታተለው?» ብሎ የታየን ክፍተት መጠቆም ሱፐርቫይዘሩን ይረዳዋል። በየዕለቱ የተሠራውን፣ ያልገባውንና የተጠየቀውን በአንድ ገጽ መጻፍ የሎግ ቡክ ግዴታ ባይኖርም ይጠቅማል። የድርጅቱን ሰነድና ማሽን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ግን አመኔታን በአንድ ጊዜ ያሳጣል።

ልምምዱ ሲያልቅ የሚጻፈው የምስክር ደብዳቤ ብዙ ጊዜ «በመልካም ሥነ ምግባር ተለማምዷል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። ይህ ለቀጣሪ ምንም አይነግርም። ተማሪው ራሱ ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኛው ክፍል፣ ምን ምን ሥራ እንደሠራ በሦስት መስመር አዘጋጅቶ ለሱፐርቫይዘሩ ቢያቀርብ፣ አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው በዚያው መሠረት ያስጽፋሉ። ደብዳቤው ማኅተምና ፊርማ ያለው መሆኑን አይቶ፣ የሪፖርቱን አንድ ቅጂ ለክፍሉ ትቶ፣ የሱፐርቫይዘሩን ስልክ ይዞ መውጣት ይገባል። ይህ ሁሉ ጳጉሜን ከመግባቱ በፊት ቢጠናቀቅ መልካም ነው፤ ዓመቱ ከተለወጠና ምዝገባ ከተጀመረ በኋላ ለአንድ ፊርማ መመላለስ ለተማሪውም ለኃላፊውም ያስቸግራል።